ስማቸው በመዝገባችን ስለሌለ ልጆች
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሕፃናት የጉልበት ሥራ ጥቂት እናወጋለን። የምንጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ1919 እንደ ተቋቋመ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በፋብሪካ እንዳይቀጠር የሚል ስምምነት አወጣ። አገራችንም በ1923 የድርጅቱ አባል ሆነች። በ1973 ስምምነት ቁጥር 138 መጣ፤ ይኸውም በመሠረቱ 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለሥራ እንዳይሰማራ የሚል ነው። በ1999 ደግሞ ባርነትንና ለሕይወት አደገኛ የሆነ ሥራን የሚከለክለው ቁጥር 182 ተከተለ። ይህን በ2020 የድርጅቱ 187 አባል አገሮች አንድም ሳይቀር አጽድቀውታል።

ድካሙ ፍሬ አላጣም። በ2000 246 ሚሊዮን የነበሩት ሕፃናት በ2024 ወደ 138 ሚሊዮን ወርደዋል። ሆኖም እስከ 2025 ጨርሶ ይጥፋ የተባለው ሳይሆን ቀረ። ለምን ቢባል፣ ተቆጣጣሪ የፋብሪካ በር ያንኳኳል እንጂ ጓዳ አይገባም። በአገራችንም የ2019 አዋጅ የቅጥር ዕድሜን ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል፤ ታዲያ ጓዳችንን ማን ይይልን?

ልጅ እናቱን ማገዙ ነውር የለውም። የተከለከለው ትምህርቱን የሚያስቀር፣ አካሉን የሚጎዳ ሥራ ነው።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። የዘመድ ልጅ ከገጠር ስናስመጣ «እናስተምራታለን» ብለን ለእናቷ ቃል ገባን። ውሃ ስትቀዳ፣ ሊጥ ስታቦካ፣ የኛን ልጆች ትምህርት ቤት ስትሸኝ ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የዕድሩን ደብተር ስንሞላ ከቤተ ሰባችን ተራ ስሟን አጣነው። ለካ ብትሞትብን እንኳ ዕድሩ አያውቃትም! አፈርን። በመስከረም ትምህርት ቤት አስገባናት፤ ከሷ ያነሱ ልጆች መካከል አንደኛ ክፍል ተቀመጠች። ያ ሦስት ዓመት ግን አልተመለሰላትም።

ስለዚህ ሐሳባችን የሚከተለው ነው።

1ኛ/ በየቤታችን የሚኖር ልጅ ሁሉ፣ የሥጋ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ስሙ በዕድሩ መዝገብ ይግባ።

2ኛ/ በየመስከረሙ ዳኛውና ጸሐፊው ልጁ ትምህርት መጀመሩን ይጠይቁ።

3ኛ/ ደብተርና እርሳስ መግዣ ያጠረው ቤት ቢኖር ዕድሩ ይደግፈው።

የሞተን በክብር መቅበር ደግ ነው። በቁም ያለን ማሰብ ግን ይበልጣል።

እግዚአብሔር ዕድራችንን ያጽናልን።