የክርስትና ስሙ ማነው?

(በዳግም መገናኛ በዓላችን ላይ የተደረገ ንግግር)



ከስድስት ኪሎ ግቢ ስንወጣ ፀጉራችን ጥቁር ነበር። ዛሬ ያለ መነጽር ደረታችን ላይ የለጠፍነውን ስም እንኳ ማንበብ አቅቶናል። እኔም ስለ ስም ትንሽ ላጫውታችሁ ነው የቆምኩት።

አባቴ ያረፈ ዕለት ቄሱ ለፍትሐቱ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። የበኩር ልጁ ነኝ፤ ሁለት ዲግሪ አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። የገዛ አባቴን የክርስትና ስም ግን አላውቀውም ነበር። የነገረቻቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላዬ የቆመችው፣ ፊደል ያልቆጠረችው አክስቴ ናት።

ማታ ድንኳን ውስጥ ከጎኗ ተቀመጥኩና የአያቶቻችንን ስም ጠየቅኳት። እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችልኝ። እኔ ከሦስተኛው አላልፍም ነበር። ሰባት ቤት መቁጠር ለእኔ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ብቻ ነበር። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ስታማትብ በየስማቸው ትጸልይላቸዋለች። «እኔ ካልጠራኋቸው ማን ይጠራቸዋል? አንተንስ ማን ይጠራሃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተማሪ ሳለን «ተዝካር ድኻ ያደኸያል» ብለን ስንከራከር የነበረው ትዝ ይላችኋል አይደል? ዕዳ ውስጥ የሚከት ድግስ ዛሬም አልደግፍም። ያኔ ያላየሁት ግን አንድ ነገር ነበር። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስንነሳ የተሰጠን ስም፣ ከሞትንም በኋላ በ40ውና በ80ው ቀን ይጠራል። ወልደ፣ ወለተ፣ ገብረ እያለ የማን እንደሆንን የሚናገር ስም ነው። አክስቴ ያንን ስም ስትጠራ ሟቹን ማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ጋር አንድ ላይ እግዚአብሔር ፊት መቆሟ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጸሎቴ ብቻዬን የምጸልየው አልመሰለኝም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከመካከላችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተወሰዱ አሉ። ለብዙዎቹ ለቅሶ መቀመጥ እንኳ አልተፈቀደም፤ እናቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነው ያለቀሱት። እነዚህ ጓደኞቻችን ልጅ ሳይወልዱ ነው የሄዱት። ሰባት ቤት ሲቆጠር «አያቴ» ብሎ የሚጠራቸው የለም። የሚያውቋቸው እናትና አባትም አልፈዋል። ከእኛ በቀር ማን ቀረላቸው?

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ መጽሔት መጨረሻ ላይ ያለው የሟቾች ዝርዝር ስምና የትምህርት ክፍል ብቻ ነው የያዘው። ወንድም ወይም እህት ያላቸውን እየፈለግን፣ የክርስትና ስማቸውን ጠይቀን እንሙላው። ሙስሊም ጓደኞቻችንንም እስከ አያት ስማቸው እንጻፍ፤ ዱዓ የሚያደርግላቸው አይጠፋም። ደግሞ ዛሬ ቤት ስትገቡ ለልጆቻችሁ የራሳችሁን ንገሯቸው። የእኔ ልጆች አሁን ያውቁታል፤ ቄሱ ሲጠይቋቸው እንደ እኔ አያፍሩም።