ስለ ተማሪ ቤት ቤተ መጻሕፍት
(በላምበረት በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ሕፃናት ትምህርት ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ፥ ከማውቀው ነገር እንዳልወጣ ብዬ ስለ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ቤተ መጻሕፍት መናገርን መረጥሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነውና። ቤተ መጻሕፍት የተባለ እንደ ሆነ ብዙ ሰው በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ እንደ ተከፈተው እንደ አብርሆት ያለውን ታላቅ ሕንጻ ያስባል። እኔ የምናገረው ግን አንድ ክፍል፥ ጥቂት መደርደሪያ፥ አጫጭር አግዳሚ ወንበርና አንድ የውሰት መዝገብ ስላለው ስለ ትንሹ ቤት ነው።

የዚህ ቤት የዕለት ሥራ ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ጧት አቧራው ይጠረጋል፤ ልጆቹ በየክፍላቸው ተራ ሲገቡ እጃቸው ይታያል፥ የቆሸሸበትም ታጥቦ እንዲመጣ ይመለሳል፤ የተወሰደው ይጻፋል፥ የተመለሰው ይሰረዛል። ነገር ግን በዚህ መካከል የሚታየው ብዙ ነው። የጀመረውን መጽሐፍ ሌላ እንዳይወስድበት ብሎ ከመዝገበ ቃላቱ ኋላ የሚደብቅ ልጅ አለ። ፊደል ገና ሳይለይ ሥዕሉን ብቻ እያየ፥ ታሪኩን ከራሱ አውጥቶ ለጓደኞቹ የሚተርክም አለ፤ ይህን ልጅ «ዋሸህ» ብሎ መገሠጽ አይገባም፥ ነገ አንባቢ የሚሆነው እርሱ ነውና። አንዲት ልጅ ደግሞ አንድ የተረት መጽሐፍ ደጋግማ ብትወስድ ምክንያቱን ጠየቅኋት፤ አያቷ ተረቱን ስለ ወደዱት በየማታው እንደምታነብላቸው ነገረችኝ። መጽሐፉ ሲመለስ የሽሮ ጠብታና የሻማ ሰም ነበረበት። በመዝገቡ ላይ «ተበላሸ» ብዬ እንዳልጽፍ እጄ እንቢ አለኝ።

ዛሬ የምናገረው ዋናው ነገር ከዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ተማሪ ቤት መጽሐፍ ንብረት ነው፤ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፥ ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ የጐደለ እንደ ሆነ ጠባቂው ይጠየቃል። ደንቡ ክፉ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ ያለ ደንብ አይጠበቅም። ነገር ግን ፍርሃት ሲጨመርበት ቤተ መጻሕፍቱን ወደ ግምጃ ቤት ይለውጠዋል። ስሙን ልጠራው በማልወደው በአንድ ተማሪ ቤት፥ በስጦታ የመጡ መጻሕፍት ከነካርቶናቸው ተቈልፎባቸው አይቻለሁ። ቈጣሪ በመጣ ጊዜ አንድም አልጐደለም፤ ያነበባቸው ልጅም አንድ ስንኳ አልተገኘም። እኔን የጠየቃችሁኝ እንደ ሆነ፥ ከዚህ የሚበልጥ ጉድለት አላውቅም።

ፍርሃቱ ደግሞ ከጠባቂው ወደ ልጁ ይተላለፋል። አንድ ልጅ የተዋሰው መጽሐፍ ጠፍቶበት ከቤተ መጻሕፍቱ ቀረ፤ ኋላም በደጁ ማለፍን ትቶ በግንቡ በኩል ይዞር ጀመር። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ ጥቂት ብር ቋጥራ መጣች። የመጽሐፉ ነገር በሌላ መጽሐፍ ተተክቶ በደንቡ ተፈጸመ። ልጁን መመለስ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ አስቸገረ፤ ሁለት ወር ያህል ከደጃፉ እየቆመ ወደ ውስጥ ያይ ነበር እንጂ አይገባም ነበር።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ አስተውለውታል። ለአንድ የብራና መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ፥ ቍርበቱ ተወጥሮ እንዴት እንደሚፋቅ፥ ጸሐፊው ስንት ወራት እንደሚያጐነብስ እናንተ ካህናት ታውቃላችሁ። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ በዕቃ ቤት ይቀመጣል እንጂ በዚያው አይቀበርም፤ ለቅዳሴውና ለማኅሌቱ በየጊዜው ይወጣል። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ ከሰው እጅ የማይገባ ቢሆን ኖሮ ግዝቱ ባላስፈለገም ነበር፤ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው።

ከሰፈራችን ሩቅ ሳንሄድ በሾላ ሌላ ምሳሌ አለን። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። ኋላም በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲያገለግሉ፥ በልዩ ልዩ ቋንቋ ከተጻፉት መካከል በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አጡ። ስለዚህ የቂሉን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በሾላ በመኖሪያ ቤታቸው በታችኛው ክፍል የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሕንጻ እስኪሠራ አልጠበቁም። ከዚያ በኋላ በሐዋሳ በአህያ በሚሳብ ጋሪ መጻሕፍት ለልጆች እንዲደርሱ አደረጉ፤ የመሠረቱትም ማኅበር በተማሪ ቤቶች ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እንዲቆም ረዳ።

የቋንቋው ነገር ዛሬም ያስቸግረናል። ከባሕር ማዶ በስጦታ የሚመጣው መጽሐፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች ይጠቅማል። ትንንሾቹ ግን በሥዕሉ ላይ ምድሩን የሸፈነውን የፈረንጅ አገር በረዶ አይተው «ይህ ሁሉ ጥጥ ነውን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አንድ ቀጭን የአማርኛ ተረት በሳምንት ውስጥ የሚያልፍበትን እጅ ያህል፥ ያ የሚያምረው መጽሐፍ በዓመት አያልፍበትም። ስለዚህ ልጆቻችሁ አድገው የተረት መጽሐፍ በቤታችሁ የቀረ እንደ ሆነ አምጡልን፤ ሽፋኑ ባይኖረውም እንቀበላለን።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጁ የተዋሰውን መጽሐፍ እንዳይበላሽ ብላችሁ ከቁም ሣጥን ላይ አትስቀሉበት፤ ያንብበው። ገጹ የተቀደደ እንደ ሆነ ከነቅዳጁ፥ የጠፋም እንደ ሆነ ልጁን ራሱን ላኩልን።

ከካህናት አባቶች ደግሞ የምለምነው ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ጀርባቸው የተፈታ፥ ገጻቸው የረገፈ መጻሕፍት በካርቶን ተሞልተው ተቀምጠዋል። እኛ የምናውቀው በፕላስተር መለጠፍ ብቻ ነው፤ እርሱም በበጋ ይደርቅና ይላቀቃል። መጠረዝና መደጐስ የምታውቁ አባቶች ከእናንተ መካከል እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ክፍሉ ክፍት ነው፤ መርፌውንና ክሩን እኛ እናዘጋጃለን፥ ከፍ ያሉት ተማሪዎችም ሥራውን ከእናንተ ለመማር ይመጣሉ።