ስለ ራግቢ ግምት ውድድርና ስለ ቡድን አመራረጥ

(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው የራግቢን ጨዋታ ልናስተምር አይደለም። ጨዋታው በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ ስለ ሆነ እኛም ራሳችን ገና ጀማሪ ተመልካቾች ነን። የምንናገረው እ.ኤ.አ. በ2023 በፈረንሳይ አገር የተደረገውን የራግቢ ዓለም ዋንጫ ምክንያት አድርገን በመካከላችን ስላካሄድነው የግምት ውድድር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ውድድር ስለ ቡድን አመራረጥ ጥቂት ቁም ነገር ተምረናል፤ አንድ በደልም ሠርተናል። ሁለቱንም ሳንሸሽግ ለመናገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን።

ደንባችን ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይሞላል። በመጀመሪያው ላይ፣ ዋንጫው ከመጀመሩ በፊት፣ ለግማሽ ፍጻሜ የሚደርሱትን አራት ቡድኖችና ባለ ዋንጫውን ይጽፋል። በሁለተኛው ላይ ደግሞ በየዙሩ ጨዋታው ሳይጀመር አሸናፊ ይሆናሉ የሚላቸውን ጽፎ፣ ፈርሞ ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ መሰረዝም መደለዝም የለም። ይህን ያደረግነው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ «እኔ ብዬ ነበር» የሚለው ሰው ስለሚበዛ ነው።

ራግቢን ለመገመት መጀመሪያ ከእግር ኳስ የሚለይበትን ማወቅ ያስፈልጋል። በእግር ኳስ ደካማው ቡድን ቀኑን ሙሉ ሲከላከል ውሎ በአንዲት ጎል አሸንፎ ሊወጣ ይችላል። በራግቢ ግን ኳሱን ከተቃራኒው ቡድን የግብ መስመር አልፎ መሬት ያስነካ 5 ነጥብ፣ ቀጥሎም በምሰሶዎቹ መካከል በእግሩ ያሳለፈ 2 ነጥብ፣ በቅጣት ምት ያገባ 3 ነጥብ ስለሚያገኝ፣ የኃይል ልዩነት በ80 ደቂቃ ውስጥ እየተጠራቀመ ይታያል። በ1995 ኒውዚላንድ ጃፓንን 145 ለ17 አሸንፋለች፤ በ2003 አውስትራሊያ ናሚቢያን 142 ለ0 አሸንፋለች። ስለዚህ በብዙዎቹ ጨዋታዎች ገማቾች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይጽፋሉ። የግምት ውድድር አሸናፊ የሚለየው ሁሉም በሚስማማባቸው ጨዋታዎች ሳይሆን በጥቂቶቹ አጠራጣሪ ጨዋታዎች ነው።

ሆኖም ያለፈ ውጤት ብቻውን መሪ አይሆንም። ያቺው 145 ነጥብ የተቆጠረባት ጃፓን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ እንግሊዝ አገር በብራይተን ከተማ ሁለት ጊዜ ባለ ዋንጫ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን 34 ለ32 አሸነፈች። ከዚያ ቀን በፊት ጃፓን በዓለም ዋንጫ ያሸነፈችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ እርሱም በ1991 በዚምባብዌ ላይ የተገኘ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ጃፓን በምድቧ ከአራት ጨዋታ ሦስቱን አሸንፋ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ የተሸነፈችው ደቡብ አፍሪካ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰች። ምክንያቱም በምድብ ጨዋታ ለአሸናፊ ከሚሰጠው 4 ነጥብ በላይ፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ኳስ መሬት ላስነካ ቡድን 1 ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል፤ በ7 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ለተሸነፈም እንዲሁ 1 ነጥብ አለው። በመጨረሻም ደቡብ አፍሪካ 16፣ ስኮትላንድ 14፣ ጃፓን 12 ነጥብ ያዙ። እንግዲህ «ማን ያሸንፋል?» እና «ማን ያልፋል?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል፤ እኛ ግን ሥሩን ሳናይ ቅርንጫፉን ቆጠርን። የ2023 ምድብ ዕጣ የወጣው በዲሴምበር 2020 በፓሪስ ሲሆን፣ ወረርሽኙ ጨዋታዎችን አቋርጦ ስለ ነበር የቡድኖቹ ደረጃ የተወሰደው በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ከነበረው ነው። ዋንጫው እስኪጀመር ድረስ ግን የቡድኖቹ ኃይል ተለዋወጠ። ስለዚህ በዓለም ደረጃ ከ1ኛ እስከ 5ኛ የነበሩት አየርላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ኒውዚላንድና ስኮትላንድ ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች ታጭቀው ተገኙ። እነዚህ ሁለት ምድቦች ደግሞ በሩብ ፍጻሜ እርስ በርሳቸው የሚገናኙ ናቸው። ከአምስቱ ለግማሽ ፍጻሜ ሊደርሱ የሚችሉት ቢበዛ ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከመካከላችን የሚበዙት ግን ለግማሽ ፍጻሜ የሚደርሱት አየርላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ደቡብ አፍሪካና ኒውዚላንድ ናቸው ብለን ጽፈን ፈረምን። ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነበር። የአራቱን ጥንካሬ መዝነናል፤ የሚሄዱበትን መንገድ ግን አልተመለከትንም። በምድብ ጨዋታ ኒውዚላንድን ያሸነፈችው ፈረንሳይና ደቡብ አፍሪካን ያሸነፈችው አየርላንድ ሁለቱም በሩብ ፍጻሜ ወደቁ፤ በምድብ የተሸነፉት ሁለቱ ለፍጻሜ ደረሱ። በሌላው በኩል በምድብ በእንግሊዝ 27 ለ10 የተሸነፈችው አርጀንቲና ለግማሽ ፍጻሜ በቃች። ደቡብ አፍሪካም ሩብ ፍጻሜውን 29 ለ28፣ ግማሽ ፍጻሜውን 16 ለ15፣ ፍጻሜውን 12 ለ11፣ ሦስቱንም በአንዳንድ ነጥብ አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ደቡብ አፍሪካን በትክክል የጻፉ ጓደኞቻችን ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ሦስት ጊዜ በአንድ ነጥብ የተገኘውን ድል በዕውቀታቸው ብቻ እንዳላገኙት ራሳቸውም ያውቁታል።

አሁን ወደ በደላችን እንመጣለን። በዚያ ዋንጫ የብዙዎቻችንን ልብ የማረከችው ፊጂ ነበረች። እስከ 1970 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበረች ትንሽ የደሴቶች አገር ናት። አውስትራሊያን ከ1954 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ 22 ለ15 ስታሸንፍ አዳራሹን በጩኸት አናወጥነው። በፖርቱጋል 24 ለ23 ተሸንፋም ቢሆን፣ በጥቂት ልዩነት በመሸነፏ ያገኘችው 1 ነጥብ ለሩብ ፍጻሜ አበቃት። የደረሳትም ተጋጣሚ እንግሊዝ ሆነች።

ሁላችንም «ፊጂ» ብለን ጻፍን። አንድ ጓደኛችን ብቻ «እንግሊዝ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ሲነበብ «ከዳተኛ» አልነው፤ «ለገዢዎች ታደላለህ» አልነው፤ ጥቂቶቻችንም ለብዙ ቀን አላነጋገርነውም። እርሱ ግን «ፊጂ እንድታሸንፍ እጸልያለሁ፤ የተጠየቅሁት ግን ጸሎቴን አይደለም» ሲል መለሰልን። ምክንያቱንም አስረዳን። ፊጂ በሩጫ ታሸንፋለች፤ የተሸነፈ በሚሰናበትበት ጨዋታ ግን ቡድኖች ስለሚጠነቀቁ፣ ነጥቡ ከሩጫ ይልቅ ከቅጣት ምት ይገኛል አለ። እኛ በኦገስት ወር ፊጂ እንግሊዝን በራሷ ሜዳ 30 ለ22 ማሸነፏን ጠቅሰን አፉን ልናስይዘው ሞከርን። ይህ ማስረጃ እውነተኛ ነበር፤ እኛ ግን የጠቀስነው ውሳኔያችንን ከወሰንን በኋላ ነው።

ኦክቶበር 15 ቀን በማርሴይ ከተማ ፊጂ 24 ለ10 ስትመራ ከነበረችው እንግሊዝ ጋር 24 ለ24 እኩል ደረሰች። ያን ጊዜ ከሁላችን አስበልጦ የጮኸው ያ «ከዳተኛ» ያልነው ጓደኛችን ነበር። በመጨረሻ እንግሊዝ 30 ለ24 አሸነፈች፤ ከ30ውም 20ው ነጥብ የተገኘው በኦወን ፋረል እግር ነው። ጓደኛችን ነጥቡን ሲመዘግቡለት ቀና ብሎም አላየም።

እዚህ ስሙን አንጠራም፤ እርሱም እንዲጠራ አይፈልግም። ነገር ግን በአደባባይ የተሰደበ ሰው ይቅርታውንም በአደባባይ ማግኘት ይገባዋልና፣ ዛሬ በእናንተ ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ይቅርታውን የምንጠይቀው ግምቱ ትክክል ስለ ሆነ አይደለም፤ ፊጂ ብታሸንፍም ኖሮ በደላችን ያው በደል ነበር። የሚሆነውን የተናገረን ሰው እንዲሆን የፈለገው ነው ብሎ መክሰስ ከተማሪ አይጠበቅም። ዛሬ በኳስ ጉዳይ እንዲህ ካደረግን፣ ነገ ከዚህ በሚከብድ ጉዳይ የብዙኃኑን ምኞት የማይደግም ሐቀኛ አማካሪ ከየት እናገኛለን?

የሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ በ2027 በአውስትራሊያ ይደረጋል። ቡድኖቹ ከ20 ወደ 24፣ ምድቦቹም ከአራት ወደ ስድስት ከፍ ብለዋል፤ ከሩብ ፍጻሜው በፊትም 16 ቡድኖች የሚገናኙበት ዙር ተጨምሯል። መንገዱ ስለ ረዘመ ማጥናቱም ይበዛል። ለዚያ ውድድር ሦስት ነገሮችን ለማኅበሩ እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ገማች ከቡድኑ ስም አጠገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍ፤ በዕድል የተገኘው ነጥብና በማስተዋል የተገኘው የሚለየው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ይዋጣና አሸናፊው ይውሰድ የሚለው ሐሳብ ይቅር፤ ገንዘብ ከገባበት የተሸነፈ ሰው ስሕተቱን መርምሮ ከመማር ይልቅ የከሰረውን ለማስመለስ ይሯሯጣል። ሦስተኛ፣ ወረቀቶቹ በመጨረሻ በጉባኤ ይነበቡ፤ የመጀመሪያው የሚነበበውም ያንን ሊሆን የማይችል ግማሽ ፍጻሜ የጻፍነው የእኛ ይሁን።