የላክነውን ሰው አንርሳ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

 ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መስጠት ነው። አውቃለሁ፣ ይህ ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን ኪሳችንን ጨበጥ እናደርጋለን። “ደግሞ ገንዘብ ሊጠይቁን ነው” እንላለን። አይዞአችሁ! እኔ ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ሰው እንድታስታውሱ ነው።

ያ ሰው ወንጌላዊው ነው። መድረክ ላይ አቁመን፣ እጅ ጭነን፣ እልል ብለን ወደ ሩቅ ገጠር የላክነው ወንጌላዊ። ባለቤቱ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ልጆቹም ነበሩ። ያን ቀን “ከጎናችሁ ነን” ብለናቸዋል። ታዲያ ዛሬ እንዴት ናቸው? የልጆቹ ደብተር ተገዝቷል? የወር ድጋፋቸው በወሩ ደረሳቸው ወይስ ከሱቅ በዱቤ እየወሰዱ ነው የሚኖሩት? ማን ጠየቀ? ወገኖቼ፣ ሰውን በጸሎት ልኮ በረሃብ መመለስ በጌታ ፊት ቀላል ነገር አይደለም።

“እኛ ድሆች ነን፤ ይህ የውጭ ሚስዮኖች ሥራ ነው” የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ የራሳችንን አገር ታሪክ እንመልከት።

በእነ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የገባው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ነው። ሚስዮናውያኑ በወላይታ፣ ሶዶ ላይ ተቀምጠው ሕሙማንን አከሙ፣ ፊደል አስተማሩ፣ ወንጌልን ሰበኩ። ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ። በ1937 ሚስዮናውያኑ ከወላይታ እንዲወጡ ተገደዱ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። በወላይትኛ የተዘጋጀው የእግዚአብሔር ቃል እንኳ ጥቂት ነበር። ያኔ ወደ ኋላ የተመለከተ ሰው “ይህች እሳት ማደሯንም እንጃ” ቢል አይፈረድበትም።

ግን ምን ሆነ? ጣሊያን ተሸንፎ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 እንደ ደረሰ ተገመተ። በእነዚያ ዓመታት ከውጭ የሚላክ ገንዘብ አልነበረም። ደመወዝ ከፋይ ቢሮም አልነበረም። የነበረው ስደት ነው። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚያ ዘመን እስረኛን የሚመግበው ቤተሰቡ ነበር። ጠያቂ የሌለው ይራባል። አማኞቹ ግን ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ ተሸክመው ይመጡ ነበር። የሚያመጡትም ለራሳቸው ሰዎች ተርፎ የማያምኑት እስረኞች ሳይቀሩ ይበሉ ነበር። እነዚያ እስረኞች “ይህ እንዴት ያለ ፍቅር ነው?” ብለው ጠየቁ። ብዙዎችም ከእስር ሲወጡ የአማኞችን ኅብረት ፈልገው ሄዱ። የዚያን ጊዜ ስብከት በመሶብ ተጭኖ ነው እስር ቤት የገባው!

በኋላም እነዚያው አጥቢያዎች ወንጌላውያንን ወደ ጎረቤት ሕዝቦች መላክ ጀመሩ። ድሃ ገበሬዎች ካላቸው ላይ እያዋጡ፣ ወንጌላዊውን ከነቤተሰቡ አገር ለቆ ቋንቋውን ወደማያውቀው ሕዝብ እንዲሄድ አደረጉ። ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ የምናያቸው ብዙ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች የዚያ መዋጮ ፍሬዎች ናቸው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለውን አባባል እነርሱ ኖረውታል።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ግለጡ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ የአንጾኪያ አማኞች ረሃብ እንደሚመጣ ሰሙ። እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ከዚያ ወደ ምዕራፍ 13 እለፉ። መንፈስ ቅዱስ እነዚያኑ ሁለት ሰዎች ለወንጌል ሥራ ለዩልኝ ያለው ለየትኛዋ ቤተ ክርስቲያን ነው? ለዚያችው ለአንጾኪያ! አያችሁ? እህሏን መልቀቅ የተማረች ቤተ ክርስቲያን ምርጥ ሰዎቿንም መልቀቅ አላቃታትም። ለተራበው ያልተዘረጋ እጅ ለወንጌልም አይዘረጋም።

እንግዲህ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በስንዴ ሰው አንግዛ። “እመን፣ ዘይት እንሰጥሃለን” የሚል አገልግሎት ከጌታ አይደለም። በሉቃስ 17 ጌታችን አሥር ለምጻሞችን ፈወሰ። ለማመስገን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። ጌታ ዘጠኙ የት አሉ ብሎ ጠየቀ እንጂ የዘጠኙን ፈውስ መልሶ አልወሰደም። እኛም ለተራበ ስንሰጥ ስለ ተራበ እንስጥ። የእኛ ጉባኤ መጣም አልመጣም፣ እንጀራው እንጀራ ነው። ወንጌልን ደግሞ ሳናፍር፣ ለብቻው፣ በነጻነት እንንገረው። ሌላም አለ፤ አንዲት እናት አምስት ኪሎ ዱቄት ስትቀበል አቁመን ፎቶ የምናነሳት ለምንድን ነው? ጎረቤቶቿ እያዩ አንገቷን ደፍታ የተቀበለችው ዱቄት ጉሮሮዋ ላይ አይቆምም? ጌታ ምጽዋታችሁ በስውር ይሁን ያለን የእርሷንም ክብር አስቦ ይመስለኛል።

ለምንመራም ሰዎች ቃል አለኝ። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ስለ መዋጮው ሲጽፍ ገንዘቡን ለብቻው አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ለምን? ማንም እንዳይነቅፈው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ለማድረግ ነዋ! ሐዋርያው ይህን ካደረገ እኛማ እንዴት አናደርግም? መባው በአንድ ሰው አይቆጠር። ደረሰኝ ይቆረጥ። ለሚስዮን የተሰጠው ለሚስዮን ይዋል፤ ለድምፅ ማጉያ መግዣ አይዙር። ምዕመኑ መስጠት የሚያቆመው ሁልጊዜ ስለ ሰሰተ አይደለም፤ የሰጠው የት እንደ ደረሰ የሚነግረው ሲያጣም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከትንሹ እንጀምር። በመጀመሪያ በአጥቢያችሁ የተላከውን ወንጌላዊ ስም ጠይቁ፤ የባለቤቱንና የልጆቹንም ስም ጨምሩ። ስሙን ለማታውቁት ሰው እንዴት ትጸልያላችሁ? ቀጥሎ በየወሩ የምትሰጡትን ወስኑ፤ ሃምሳ ብርም ይሁን፣ ሳይቋረጥ ይሁን። በወሩ የሚደርስ ትንሽ ገንዘብ በዓመት አንዴ በጭብጨባ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ ለቤተሰብ ዕረፍት ነው። ገንዘብ የሌለሽ እህቴ፣ ሊጥ ባቦካሽ ቁጥር አንድ እፍኝ ዱቄት ለይተሽ አስቀምጪ። የሰራፕታዋ መበለትም የነበራት አንድ እፍኝ ነው። ገበሬ ነህ? ከመከሩ፣ ከእንሰቱ ስጥ። አስተማሪ ነህ? በክረምት ሄደህ የወንጌላዊውን ልጆች አስጠና። ፊልጵስዩሶች ለጳውሎስ ስጦታ ብቻ አይደለም የላኩት፤ አፍሮዲጡንም ልከዋል። እርሱም በዚያ አገልግሎት ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። መስጠት አንዳንድ ጊዜ ራስን ይዞ መሄድ ነው።

ውድ ወገኖቼ፣ እኛ ስለ ሰጠን እግዚአብሔር ባለ ዕዳችን አይሆንም። ልጁን በሰጠ አምላክ ፊት ማን ሰጪ ነኝ ይላል? የምንሰጠው ስለ ተሰጠን ነው። ይህን ጌታ ገና ያላወቃችሁ ብትኖሩም የመጀመሪያው ጥሪ ለእናንተ “ስጡ” አይደለም፤ “ተቀበሉ” ነው። ኢየሱስ ክርስቶስ ለእናንተም ሞቶ ተነሥቷል።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ልከናቸው የረሳናቸውን አገልጋዮችህን ዛሬ አስበን። የጨበጥነውን እጃችንን ፍታልን። በሩቅ ያሉትን፣ ሌሊት ልጆቻቸውን አቅፈው ወዳንተ የሚያዩትን አጽናናቸው፤ መልሳቸውም በእኛ እጅ ይድረሳቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።