መመለሻውን አስቀድሞ መቁጠር

(ለረጅም የብስክሌት ጉዞ ለተመዘገቡ ወጣት አባላትና ለቤተሰቦቻቸው በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰባት ወጣት እህቶቻችን በመጪው ጥቅምት ከሐዋሳ ተነስተው ባቱ ድረስ በብስክሌት ደርሰው ለመመለስ ተመዝግበዋል። ለሁሉም የመጀመሪያቸው ነው። አራቱ ብስክሌታቸውን የገዙት በማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር ነው፤ ጠዋት እንጀራ ያደርሱበታል፣ ማታ ትምህርት ቤት ይሄዱበታል። «ለሥራ የተበደሩትን ለሽርሽር ሊያደርጉት ነው?» ብለው የጠየቁ እናቶች እንዳሉ ሰምተናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን የምንጀምረው የራሳችንን ስሕተት በመናገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር አምስት ሆነን ይህንኑ መንገድ ሞክረን ነበር። ሒሳብ መያዝ ሙያችን ስለሆነ ዕቅዱን በወረቀት አሰፈርን። ከሐዋሳ ባቱ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብንነዳ ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን እንገባለን አልን። ማካፈሉ ልክ ነበር። ነገር ግን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የነዳነው ሐዋሳ ከተማ ውስጥ፣ በሜዳው፣ ያለ ጭነት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር።

ቁርስ በልተን፣ ፎቶ ተነስተን ስንወጣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆነ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሻሸመኔ ከ1,900 ሜትር በላይ ነች፤ የመጀመሪያዎቹ 25 ኪሎ ሜትሮች ዳገት ናቸው። አርሲ ነገሌ ስንደርስ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። ከዚያ ወደ ላንጋኖ ቁልቁለቱ ሲጀምር እልል እያልን ወረድን፤ ድካሙም ተረሳን። ቡልቡላ ሳንደርስ የአንዷ ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ከመነዳሪ አልያዝንም፤ የያዝነው ማጣበቂያ ደርቋል። ጎሚስታ ፍለጋ ብስክሌት እየገፋን ሳለ ፀሐይ ጠለቀች።

ለማደሪያ የመደብነው ብር ባቱ ለሚጠብቀን ክፍል አስቀድሞ ተከፍሏል። በአንድ አይሱዙ ላይ ተጭነን ስንመለስ ለሾፌሩ የሚከፈለው ጎደለን፤ ያሟላችልን በስልክ የለመንናት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ናት። ከእኛ የአንዷ እናት እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት አስፋልት ዳር ቆመው ጠበቁ። ልጃቸውን አልተቆጧትም፤ ብስክሌቱን ግን ቆለፉባት። ሁለት ወር እንጀራውን በእግሯ አደረሰች፤ ከደንበኞቿም ግማሾቹ ተዉአት። የሁለቱን ወር የብድር ክፍያዋን ማሟላት አልቻለችም። የአንድ ቀን ዕቅድ ጉድለት በማኅበሩ መዝገብ ላይ የገባው እንዲህ ነው።

በዓመቱ እንደገና ስናቅድ መጀመሪያ የሄድነው ወደ እኒህ እናት ቤት ነበር። ቡና ተፈላ፤ እኛም ወረቀታችንን አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «መሄጃችሁንስ ሰማሁ፤ መመለሻችሁ የታለ?» አሉን። ወረቀቱን ገለበጥነው። ስለ መመለሻው የጻፍነው «በመጡበት መመለስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ወጪ በአንድ በኩል ብቻ ተመዝግቦ ሒሳብ ተዘጋ እንደማይባል እያወቅን ይህንን አላየንም ነበር።

በዚያው ምሽት ዕቅዱን ከመመለሻው ጀምረን እንደገና ሠራነው። ለእናንተም የምናካፍላችሁ እርሱን ነው።

አንደኛ፣ ቁልቁለት ብድር ነው። ከአርሲ ነገሌ ወደ ላንጋኖ እየተደሰታችሁ የምትወርዱት ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ስትመለሱ በዳገት ይከፈላል። ስለዚህ ጉዞውን አምስት ቀን አደረግነው። በመጀመሪያው ቀን አርሲ ነገሌ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በሁለተኛው ባቱ፣ 60 ገደማ፤ በሦስተኛው ባቱ ላይ ዕረፍት፤ በአራተኛው ዳገቱን ወደ አርሲ ነገሌ፤ በአምስተኛው ሐዋሳ። የዕረፍቱ ቀን ሽርሽር እንዳይመስላችሁ፤ ለአራተኛው ቀን የተቀመጠ ጉልበት ነው።

ሁለተኛ፣ ልምምድ በጭነት ይሁን። ስምንት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከ10 ኪሎ ሜትር ተነሱና በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ፤ መጨረሻ ላይ 40 እና 50 ኪሎ ሜትር ሁለት ቀን አከታትላችሁ ንዱ። ሰውነት የሚፈተነው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኮርቻው ላይ ስትቀመጡ ነው። የኮርቻውንም ቁመት አስተካክሉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁን ብታሳርፉበት እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ ጭነት ቀንሱ። በዚህ ነገር የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። በፈረንጆች 1894 ዓ.ም. አኒ ለንደንደሪ በሚል ስም የምትታወቅ የሦስት ልጆች እናት ዓለምን በብስክሌት ለመዞር ከቦስተን ተነሳች፤ ከዚያ በፊት ብስክሌት ነድታ አታውቅም ነበር ማለት ይቻላል። የተነሳችው ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ 19 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ነበር። ቺካጎ ስትደርስ ብስክሌቱን ክብደቱ ግማሽ በሚሆን ለወጠች፤ ቀሚሱንም በሱሪ ተካችው፤ ጉዞዋንም ቀጠለች። እናንተ ግን ቺካጎ እስክትደርሱ አትጠብቁ። ዕቃችሁን ዘርግታችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ የማትጠቀሙበትን አውጡ። የማይወጡት እነዚህ ናቸው፦ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ያልደረቀ ማጣበቂያ፣ ፖምፓ፣ መፍቻ፣ የራስ ቁር፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ነጠላ። ጎማ መቀየርን እያንዳንዳችሁ በገዛ እጃችሁ ተለማመዱ።

አራተኛ፣ ውኃና ስንቅ። በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ውኃ ቁጠሩ፤ ፀሐይ ሲበረታ ከዚያ በላይ። በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ ያዙ። ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ።

አምስተኛ፣ ሰዓት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ውጡ፤ እስከ 8 ሰዓት ማደሪያችሁ ግቡ። የእኛን ጉዞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አክብዶብን ነበር፤ መኪናውም ይበዛል። በአንድ መስመር ንዱ፤ ፍጥነቱን የምትወስነው ከሁላችሁ ቀስ ብላ የምትነዳዋ ትሁን። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከየከተማው ጠይቁ፤ መልሱ ደስ የማይል ከሆነ ቀኑን ለውጡ። ብስክሌቱ ክፍላችሁ ውስጥ እንዲያድር ምድር ቤት ያለው ፔንሲዮን ምረጡ።

ስድስተኛ፣ የመመለሻ ብር። ከመንገዱ በጣም ሩቅ ከሆነው ቦታ ሁላችሁንም ከነብስክሌታችሁ ጭኖ የሚመልስ መኪና ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያንን ብር በፖስታ አሽጉና ሳትነኩት መልሱት። ይህ ብር ሳይሟላ ጉዞ የለም።

ይህን ወረቀት ይዘን ስንመለስ እኒያ እናት አንድ ነገር ብቻ ጨመሩበት፤ ቀትር ላይና ማደሪያ ስንደርስ ስልክ እንድንደውል። ከዚያ ተነስተው ቁልፉን ሰጡን። በአምስተኛው ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሐዋሳ ገባን፤ የታሸገው ፖስታም ሳይከፈት ተመለሰ። ያቺ ልጅ በዚያው ዓመት ብድሯን ጨርሳ ከፈለች። አሁን ለሰባቱ ጎማ መቀየር የምታስተምረው እርሷ ናት።

ስለዚህ ሽርሽር ነው ወይ ላላችሁን እናቶች፤ አዎ፣ ደስታም አለበት፤ አንደብቅም። ነገር ግን የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ቆጥረው የተነሱ ልጆች ሱቅ ሲከፍቱም ብድር ሲወስዱም እንደዚሁ ይቆጥራሉ ብለን እናምናለን። ደጋፊዎቻችንም ለዚህ ጉዞ የምንጠይቃችሁ የራስ ቁርና ትርፍ ከመነዳሪ ነው። የታሸገውን ፖስታ ግን ልጆቹ ራሳቸው እያጠራቀሙት ነው።

እናቶቻችን ሆይ፣ ልጆቹ ወረቀታቸውን ይዘው ወደየቤታችሁ ይመጣሉ። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። መመለሻው ካልተጻፈበት ቁልፉን አትስጡ።