ነቀርሳ ከሥፍራው ለምን ይሰደዳል?



ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለው በሽታ የሚያስፈራው በበቀለበት ሥፍራ ስላበጠ ብቻ አይደለም። በአንድ ሥፍራ ተወስኖ የቀረ እብጠት ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን ለሞት የሚያበቃቸው ነቀርሳው ከተነሣበት ተሰድዶ በሳንባ፥ በጉበት፥ በአጥንት ወይም በአንጎል ሲሰፍር ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ እንዲሰደድ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ስቲቨን ፓጄት የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. በጡት ነቀርሳ የሞቱ የ735 ሴቶችን የምርመራ መዝገብ አገላብጠው፥ በሽታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው እንዲያው በአጋጣሚ አለመሆኑን አስረዱ። የነቀርሳውን ሕዋስ በዘር፥ የሚያርፍበትን የሰውነት ክፍል በመሬት መሰሉት፤ ዘር በየአቅጣጫው ቢበተንም የሚበቅለው በተስማማው መሬት ላይ ነውና። ነገር ግን ዘሩ አስቀድሞ ከአገዳው የሚላቀቅበትን ምክንያት ለማወቅ ገና ብዙ ዘመን ያስፈልግ ነበር።

የቆዳችንና የሆድ ዕቃችን ሽፋን የሆኑት ሕዋሳት እንደ ግንብ ድንጋይ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይኖራሉ። ከሚያያይዟቸውም አንዱ ኢ-ካድኸሪን የተባለው ፕሮቲን ነው። ጃፓናዊው ሊቅ ማሳቶሺ ታኬይቺ የዚህ ወገን ፕሮቲኖች ያለ ካልሲየም ሕዋሳትን ለማያያዝ እንደማይችሉ አጥንተው፥ በ1984 ዓ.ም. ካድኸሪን የሚለውን ስም አወጡላቸው።

አሁን ምሳሌያችንን ከመሥሪያ ቤት እንውሰድ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ጂን የተባሉ የትእዛዝ ጽሑፎች የተከማቹበት መዝገብ ቤት አለ። ሁሉም ትእዛዝ ሁልጊዜ አይፈጸምም፤ የትኛው ጽሑፍ ወጥቶ እንዲሠራበት፥ የትኛውም ተዘግቶ እንዲቀመጥ የሚወስኑ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ስኔይል ይባላል፤ ትርጓሜውም ቀንድ አውጣ ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. በማድሪድና በባርሴሎና የሚሠሩ ሁለት የምርምር ቡድኖች፥ ስኔይል የኢ-ካድኸሪንን መዝገብ ሲዘጋው ሕዋሱ መያያዣውን አጥቶ ቅርጹን እንደሚለውጥና ከመካከል ወጥቶ ለመሄድ እንደሚዘጋጅ አስታወቁ።

ይሁን እንጂ ስኔይል በተፈጥሮው ጠላት አይደለም። ፅንስ በማኅፀን ሲሠራ አንዳንድ ሕዋሳት ከነበሩበት ተነሥተው ወደ ተመደቡበት መሄድ ስላለባቸው፥ ይህ ፕሮቲን እጅግ ያስፈልጋል። ጥፋቱ የሚመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ያለ አግባብ ሥራውን እንደገና ሲጀምር ነው። ማኅተሙ ያው የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ነው፤ የተመታው ግን በማይገባው ወረቀት ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም ነገር እንዳይመስላችሁ፥ በኒውዚላንድ የሆነውን እንንገራችሁ። በዚያ አገር ከማኦሪ ሕዝብ ወገን የሆነ አንድ ትልቅ ቤተ ሰብ በ30 ዓመት ውስጥ 25 ያህል ሰዎችን በጨጓራ ነቀርሳ አጣ፤ ከሞቱትም መካከል ገና ወጣቶች ነበሩ። ቤተ ዘመዱ ሐዘኑን ይዞ ዝም አላለም፤ ራሱ ወደ ተመራማሪዎች ሄዶ ምክንያቱ እንዲፈለግለት ጠየቀ። በ1998 ዓ.ም. ፓሪ ጊልፎርድና ባልደረቦቻቸው ጉድለቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፥ ያውም በዚሁ በኢ-ካድኸሪን ጂን ላይ ያለ መሆኑን ገለጡ። ይህ ዓይነቱ ነቀርሳ ከጨጓራው ሽፋን በታች ተበታትኖ ስለሚያድግ በመሣሪያ ሲታይ እንኳ በጊዜው ለማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በደም ምርመራ ጉድለቱ የተገኘባቸው ብዙ ሰዎች ሳይታመሙ ጨጓራቸውን በሙሉ አስወጡ። ከዚያ በኋላ ምግባቸውን ጥቂት በጥቂት ደጋግመው መብላት፥ ቫይታሚን ቢ12ንም ዕድሜ ልካቸውን መውሰድ ግዴታቸው ሆነ። ዋጋው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በእናታቸውና በአጎታቸው የደረሰውን ሞት አመለጡበት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ኢ-ካድኸሪን ሲጠፋ ነቀርሳ ይሰደዳል፥ ሲኖር ግን አይሰደድም ብሎ መደምደም አይገባም። በ2019 ዓ.ም. በአይጦች ላይ የተደረገ የጡት ነቀርሳ ምርምር፥ ተሰዳጆቹ ሕዋሳት በጉዞ ላይ ሳይሞቱ በአዲሱ ሥፍራ እንዲበቅሉ ይኸው ፕሮቲን እንደሚረዳቸው አሳይቷል። ሲለቅም፥ ሲይዝም ይጎዳል ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ፕሮቲን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ብቻ በሽታው ሁሉ ይድናል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፥ ቃሉን ሳትመረምሩ አትቀበሉ።

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ከቤተ ዘመዳችሁ መካከል በለጋ ዕድሜያቸው በጨጓራ ወይም በጡት ነቀርሳ የሞቱ ከአንድ በላይ ሰዎች ካሉ፥ ነገሩን እንደ ምሥጢር ሳትሰውሩ ለሐኪም ንገሩ። የሟቾችንም ዕድሜና ሕመም ጽፋችሁ ያዙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን፤ የቤተ ሰቡን በሽታ የደበቀ ግን የልጆቹንም መድኃኒት ይደብቃል።