የዘመትኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም

(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ አንድ አንጋፋ አባላችን ያደረጉት ንግግር፤ ቮስሎሩስ። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



ኮሚቴው ስለ ወታደርነት ዘመኔና ስለ ቤተሰቤ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ አመንትቼ ነበር። ወታደር ሲታዘዝ ይሄዳል እንጂ ስለ ራሱ መናገር ብዙም አይሆንለትም። ሆኖም ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። ምስጋና ደግሞ እንደ ዕዳ ነው፤ በጊዜው ካልከፈሉት ይወልዳል። ስለዚህ ዛሬ የቆምኩት ጀብዱ ለማውራት ሳይሆን ዕዳዬን ለመክፈል መሆኑን ዕወቁልኝ።

በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ሆሳዕና አጠገብ የምኖር ገበሬ ነበርኩ። ትዳር ከያዝኩ ገና ዓመቴ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበው ወደ 300,000 የሚጠጋ ሚሊሽያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በታጠቅ ጦር ሰፈር ሲሠለጥን እኔም ከመካከሉ ነበርኩ። ቋንቋችን ልዩ ልዩ፣ ሃይማኖታችን ልዩ ልዩ፣ ብዙዎቻችን ከወረዳችን ወጥተን የማናውቅ ነበርን። ከአንድ ሣህን መብላትን፣ ተራ ጠብቆ መተኛትን፣ ጓድን አምኖ ጀርባ መስጠትን እዚያ ተማርን። ለዚህ ትምህርት እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዘመትን። በ1970 መስከረም ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን ከካራማራ ተራራ ጋር ተመልሳ በእጃችን ገባች። ከጎናችን የተሰለፉ የኩባ ወታደሮች ነበሩ፤ በቋንቋ ሳይሆን በእጅ ምልክትና በሲጋራ ተግባብተናል። ከእኛም ከእነሱም እዚያው የቀሩ አሉ። ለሁለቱም ወገን መታሰቢያ በአዲስ አበባ የትግላችን ሐውልት ቆሞላቸዋል። ከታጠቅ አብረውኝ ወጥተው ያልተመለሱትን ዛሬም በየስማቸው አስታውሳቸዋለሁ። ከእነሱ የተለየ ብልሃት ስለ ነበረኝ አልተረፍኩም፤ ፈጣሪ ስለ ፈቀደ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሰሜን ተዛወርኩ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። የውጭ ወራሪን መመለስ ሌላ ነው፤ ወንድም ከወንድም የተዋጋበትን ደግሞ በደስታ የሚያወራ ሰው የለም። እግሬን ቆስዬ ታከምኩ፤ ድኜም ወደ ምሥራቅ ተመለስኩ። በ1983 ግንቦት ሠራዊቱ ሲበተን ሐረር አካባቢ ነበርኩ። በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ወታደር በአንድ ጊዜ መለዮውን አውልቆ ወደየመንደሩ አቀና። እኔም 14 ዓመት ካገለገልኩ በኋላ በአንድ ነጠላ ጫማና በአንድ ብርድ ልብስ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ ስል ቤት ነበረኝ ማለቴ ነው። የዛሬው ንግግሬም ዋና ነገሩ ይኸው ነው። ያ ቤት ሳይፈርስ እንዴት ቆየኝ?

እዚያ ከእናቶች መካከል ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠችው ባለቤቴ አቆመችው። ስሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው እኔ ግንባር ላይ ሳለሁ ነው። እንሰት ከአገራችን ወገን የመጣችሁ ታውቃላችሁ፤ ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። እኔ በሄድኩ ዓመት የተከለችውን ደርሶ ፋቀችው፤ በቦታው ሌላ ተከለች። ቆጮውን በጉድጓድ እየቀበረች፣ ቅቤውን ሆሳዕና ገበያ እያወረደች ልጆች አሳደገች። የታመሙትን እናቴን አስታማ፣ ሲያርፉም ደንቡን ጠብቃ ቀበረች። ለእድሩ እንኳ የእኔን መዋጮ በስሜ ስትከፍል ነበር፤ «ባለቤቱ ይመጣል፣ ስሙ አይሰረዝ» ትል እንደ ነበር ጎረቤቶች ነግረውኛል።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በኋላም ትምህርቱ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲሰጥ ሀዲይኛ አንዱ ሆነ። እሷም ማታ ማታ ልጅ አዝላ ተማረች። እስከዚያ ደብዳቤዋን ሰው ነበር የሚጽፍላት፤ መቼም በሰው እጅ የሚጻፍ ደብዳቤ ሰላምታ ብቻ ነው። በ1974 በራሷ እጅ የጻፈችው ሰሜን ድረስ መጣልኝ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ በሀዲይኛ ነው፤ ሦስት ነገር ብቻ ይላል፦ እንሰቱ ደርሷል፣ ልጅቷ ፊደል ጀምራለች፣ አንተም ራስህን ጠብቅ። ያንን ወረቀት ከጥይት መያዣዬ ጋር ታጥቄው ዞሬአለሁ።

ውድ ወገኖቼ፣ የእሷን ድካም በልቤ የተረዳሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከተመለስኩ በኋላ በእሷ ማሳና በእሷ ገበያ ቤታችን ቀና። ወንድ ልጃችን አድጎ በ1998 ወደ ደቡብ አፍሪካ መጣ። በ2000 ግንቦት ከአሌክሳንድራ የተነሣው በውጭ አገር ሰዎች ላይ ያነጣጠረ ሁከት ወደዚህ ወደ ኢስት ራንድ ሰፈሮች ተዛመተ። በጠቅላላው 62 ሰዎች ሞቱ። የልጄ ስልክ ሦስት ቀን አልሠራም። እኔ ግቢ ውስጥ ስመላለስ፣ እህል አልወርድልህ ሲለኝ፣ ባለቤቴ ቡና ቆልታ፣ «ተቀመጥ፤ መጠበቅ እንዲህ ነው፤ ሥራ እየሠሩ ነው የሚጠበቀው» አለችኝ። ለእኔ ሦስት ቀን የከበደኝን እሷ 14 ዓመት እንደ ተሸከመችው ያን ጊዜ ገባኝ። ዘማች መቼ እንደሚተኮስ ያውቃል፤ ቤት የቀረ ሰው ግን በየቀኑ ይተኮስበታል።

ልጄንና ሁለት ባልንጀሮቹን ያተረፉት አንዲት የዚህ አገር አሮጊት ናቸው። ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍላቸው አስገብተው፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ከመንገድ ለመጡት፣ «ከልጅ ልጆቼ በቀር ማንም የለም» ብለው መለሱ። ዛሬ በሕይወት የሉም። በቤተሰባችን ጸሎት ግን ስማቸው ይነሣል።

ከእነዚህ ጎረቤቶቻችን ጋር የሚያገናኘን ታሪክም አለን። በ1954 ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት ለመማር አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ሠልጥነዋል፤ የበላይ ኃላፊው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን በሁለት ወር ገደማ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ኮሎኔሉ ሽጉጥ ከጥይት ጋር ሸለሟቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተይዘው 27 ዓመት ታሰሩ። ይህን ለልጆቻችን እንንገር፤ ለጎረቤትም በጨዋታ መካከል ማንሣት ደስ ይላል። ነገር ግን ውለታ አስቆጥሮ መጠየቅ አያምርም። እነዚህ የቮስሎሩስ ሽማግሌዎች ራሳቸው በአፓርታይድ ዘመን ከስተርተንቪል ተነቅለው እዚህ የሰፈሩ፣ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። ከቤት መነቀል ምን እንደ ሆነ ከእኛ መማር አያሻቸውም። እኛ የሚጠበቅብን በትክክል መዝነን መሸጥ፣ ልቅሶአቸው ላይ መገኘት፣ ቋንቋቸውን መማር ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ከሱቅ መደርደሪያ ጀርባ ፍራሽ አንጥፋችሁ ስትተኙ፣ የብረት ፍርግርግ ቆልፋችሁ በተራ ስትጠብቁ፣ ከአንድ ድስት ስትበሉ አያለሁ። ይህ የምሽግ ኑሮ ነው፤ አውቀዋለሁ። እናንተም ዘማቾች ናችሁ። እንግዲህ አገር ቤት ያለችው ሚስት፣ እናት፣ እኅት አብራችሁ ዘምታለች ማለት ነው። ገንዘብ መላክ መልካም ነው። ግን ገንዘቡን ልካችሁ ስልኩን አትዝጉ፤ ድምፃችሁን አሰሙ፤ የእሷንም ውሎ ጠይቁ። መምጣት የምትችለውን አምጡ፤ መመለስ የምትችሉ የመመለሻውን ቀን ቁረጡ። የኔ ዘመቻ ማብቂያው በእጄ አልነበረም፤ የእናንተ ግን በእጃችሁ ነው።

ማኅበራችንንም የማመሰግነው በዚሁ ዓይን ነው። ታጠቅ ሳለን ስለ ቃኘው ሻለቃ ይነገረን ነበር። ኮሪያ ዘምቶ አንድም ምርኮኛ ሳያስወስድ፣ የወደቁትንም አጥንት ለአገራቸው አፈር አብቅቶ ተመልሷል። ይህ ማኅበር በአሥር ዓመት ውስጥ መዋጮ አሰባስቦ የወገንን አስከሬን ለእናት ምድሩ ሲያበቃ፣ የታመመን ሲያስታምም፣ የታሰረን ሲጠይቅ ያየሁት ያንኑ ሥርዓት ነው። መሣሪያ የሌለው፣ ግን ወገኑን ሜዳ ላይ የማይጥል ሠራዊት ሆናችኋል። ሥርዓቱ እንዳይላላ አደራ።

በመጨረሻም ለልጆቼ እናት። ለእኔ በሰልፍ ላይ ተጨብጭቦልኛል፤ ለአንቺ ያጨበጨበ የለም። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እግዜር ይስጥልኝ እልሻለሁ። ያገለገልነው ሁለታችን ነን።

ለዚህ ያበቃን አምላክ የከርሞ ሰው ይበለን፤ ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ያስጠጋንን ምድርም ይባርክ።